የቅዳሜው ፊርማ

የዮሃና መልእክት ሲደርስ ሱሀይላ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብ ትቆጥር ነበር። ሰማንያ ሦስት። ዮሃና ትናንት ለለጠፈችው አንድ ቀልድ ሰማንያ ሦስት ሰው ቀይ ልብ ሰጥቷታል። ሱሀይላ በዚያው ቀን የለጠፈችው የሳምንቱ የጠባቂዎች ተራ ግን አራት ልብ ብቻ አገኘ፤ ከአራቱ አንዱ የራሷ ነው።

ስልኩ እጇ ላይ ነዘረ።

«ሸኮ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ጥቁር ደመና፣ ነፋሱ ወደ ሚዛን። ማካፋት ጀምሯል። ይሄኛው የሚቀልድ አይመስልም ወገኖቼ።»

ሱሀይላ ቀና አለች። ከአባቷ ሱቅ በላይ ካለው ሰገነት ላይ ሆኖ ለሚያይ በሸኮ በኩል ያለው ጋራ ወለል ብሎ ይታያል። አሁን ግን ጋራው ከወገቡ በላይ የለም፤ ደመና ውጦታል። ሚዛን ላይ ገና ፀሐይ ነው። ከዮሃና መልእክት ሥር «አይቻለሁ» የሚል አረንጓዴ ምልክት አለ። ዛሬ ያንን ምልክት መንካት የሚችል ሰው ቢኖር ሱሀይላ ብቻ ናት። እሷ ስትነካው መቶ አርባ ስልክ አንድ ላይ ይጮኻል፣ መቶ አርባ ቤተሰብ ሸራውን ይዞ ወደ ቡናው ይሮጣል።

አውራ ጣቷን አስጠጋች። ከዚያ ሰማንያ ሦስቱ ልቦች ትዝ አሏት፤ ጣቷ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ ቡና ለሚለቅም ቤተሰብ የኅዳር ዝናብ ቀልድ አይደለም። ቀይ እሸቱ ተለቅሞ የማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣ በኋላ ከነልጡ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ፀሐይ ይፈልጋል። መሃል ላይ ውኃ ካገኘው ይሻግታል፣ ሽታው ይበላሻል። ሸራ በጊዜ ከለበሰ ግን ምንም አይሆንም። ችግሩ ጊዜው ነው። ለቀማ ላይ ያለ ሰው ዛፍ ሥር ስለሆነ ሰማይ አያይም፤ ሸኮ ላይ የጀመረ ዝናብ ደግሞ ሚዛን ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም። የአካባቢው ተማሪዎች «የደመና ጠባቂዎች» የሚባለውን ቡድን ያቋቋሙት ለዚሁ ነበር፤ ዝናቡን ቀድሞ ያየ ላላየው እንዲነግር።

መጀመሪያ ቡድኑ የነበረው እንደማንኛውም ቡድን በተለመደው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው። የከፈተው ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ በወሩ ስልኩን ተሰረቀ። አባላቱ በማግስቱ ሲነሡ የሁለት ዓመት የዝናብ መረጃ ጠፍቶ በቦታው የጫማ ማስታወቂያ ተደርድሮ አገኙ። ቡድኑም ተበተነ። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ሱሀይላ ክረምቱን ሙሉ ስታነብና ስትጠይቅ ከርማ በብሎክቼይን ላይ የተሠራ አንድ መድረክ አገኘች። እዚያ የቡድኑ ባለቤት የሚባል ሰው የለም። የተጻፈው ነገር በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በሰንሰለት ተያይዞ ይቀመጣል፤ ማንም፣ ጸሐፊው ራሱ እንኳ፣ ሊሰርዘው አይችልም። ደንብ የሚለወጠውም በአባላት ድምፅ ነው።

እያንዳንዱ አባል የራሱ ቁልፍ አለው። ስልኩ ቢጠፋ ቁልፉን የሚመልስለት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ቃላቱን ያጣ ሰው የሚለምነው መሥሪያ ቤት የለም። ሱሀይላ አባላቱን አንድ በአንድ ፊቷ እያስቀመጠች ቃላቱን በወረቀት አስጽፋለች። «ፎቶ እንዳታነሡት! ለማንም እንዳታሳዩ!» እያለች። የክፍል ጓደኛዋ ጴጥሮስ ጓዳ የሰቀለውን ወረቀት እናቱ እሳት አያያዙበት። ስልኩ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ቁልፉም አብሮ ሄደና «ጴጥሮስ ሁለተኛው» ተብሎ እንደ አዲስ ገባ። ንጉሥ ይመስል።

የሁለት ሰው ደንብም የእሷ ነው። በየቀኑ አንድ የሸኮ ጠባቂና አንድ የሚዛን ጠባቂ ይመደባሉ። የሸኮው ጠባቂ ያያል፣ ይጽፋል። የሚዛኑ ጠባቂ ጋራውን አይቶ በቁልፉ ካልፈረመ ደወሉ አይጮኽም። ይህን ሁሉ የሠራችው ሱሀይላ ናት። የስምንት ወር ሥራ ነው። አባላቱ ሃያ ደረሱ፣ ሃያ አንድ ሆኑ፣ ተመልሰው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሰው ይገባል፣ ዝም ይላል፣ ይወጣል።

ከዚያ ዮሃና መጣች።

ሸኮ የምትኖር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፎቶዋ ቦታ ላይ ደመና ነው የለጠፈችው። በገባች በሳምንቱ ለደመናዎች ስም ማውጣት ጀመረች። «ዛሬ የመጣው እንደ ሒሳብ መምህራችን ነው፤ ያጉረመርማል እንጂ አይመታም።» የታመመ ሰው ካለ ትጠይቃለች። ፈተና ያለበትን ታበረታታለች። የጴጥሮስን ላም ስም ሳይቀር ታውቃለች። ሰዉ ለዝናቡ ገብቶ ለዮሃና መቆየት ጀመረ። በሦስት ወር ውስጥ መቶ አርባ ሆኑ።

ሱሀይላ መጀመሪያ ደስ አላት። ሁለተኛው ወር ላይ ደስታው ከዳት። ሦስተኛው ወር ላይ ቀናች። ሌላ ስም የለውም። ሌሊት የጻፈችውን ደንብ ሦስት ሰው ሲያነበው፣ ዮሃና «እንዴት አደራችሁ» ስላለች ብቻ ሃምሳ ሰው ግር ብሎ ሲመልስ አንጀቷ ያርር ነበር።

የባሰው ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። ዮሃና ዝናብ መጣ አለች፤ ሱሀይላም ጋራውን ሳታይ፣ አምናት፣ ፈረመች። ደመናው ግን ወደ ቴፒ ታጠፈ፤ ሰዉ በጠራራ ፀሐይ ቡናውን አልብሶ ዋለ። ሱሀይላ ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ ጻፈች። ማንም አላየውም። ዮሃና ደግሞ «ደመናው ቴፒ ዘመድ ጋ ሊያድር ሄዷል፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው» ብላ አንድ መስመር ጻፈችና ዘጠና ሰባት ልብ ሰበሰበች። ጥፋቷ እንኳ ይወደድላታል!

እና ቅዳሜ፣ ሰገነቱ ላይ፣ አውራ ጣቷ አየር ላይ እንዳለ፣ ሱሀይላ አንድ ነገር አሰበች። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እሷም ትጠብቅ። ሰው ሁሉ አፏን የሚጠብቅላት ልጅ እስቲ የእኔን ጣት ትጠብቅ። አምስት ደቂቃ ብቻ።

ስልኩን ገልብጣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ዝም ብላ እንዳትቀመጥ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ ማንሣት ጀመረች። የአባቷን ሸሚዝ፣ የእናቷን ሻሽ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን። አንድም እንዳይረጥብ ተጠንቅቃ አነሣችው። ስትጨርስና ስልኩን ስትገለብጥ ሃያ ሦስት ደቂቃ አልፏል። የመጀመሪያው ጠብታ ጣሪያው ላይ ጠብ አለ።

አሁን ብትፈርም ሰዓቱ ይመዘገባል። ሃያ ሦስት ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር የሚል ጥያቄ ይመጣል። አልፈረመችም። ዝናቡ ሚዛንን አልፎ እስከ ሸዋ ቤንች ድረስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ወረደ።

አመሻሹ ላይ ጴጥሮስ ቡድኑ ውስጥ ጻፈ። «ሦስት አልጋ ቡና ረጠበብን። አባቴ ለቅሶ ሄዶ፣ እኔ ታች ለቀማ ላይ ሆኜ ደወሉን ስጠብቅ ነበር። ሱሀይላ፣ የዛሬ ጠባቂ አንቺ ነሽ አይደል? ሰላም ነሽ?»

ሰላም ነሽ ማለቱ ነው የገደላት። ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

«ኔትወርክ አልነበረም» ብላ መለሰች። ሚዛን ላይ ይህን የማያምን ሰው የለም።

ከሁሉም ቀድማ የጻፈችው ዮሃና ናት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሱሀይላ ከሆነች ሳትፈርም አትቀርም።»

ሰኞ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። ቅዳሜና እሑድ እርጥቡን ቡና ሲያገላብጡ ነው የከረሙት።

«ይተርፋል?» አለችው ሱሀይላ።

«አንዱ አልጋ ምናልባት። ሁለቱ መሽተት ጀምረዋል።» ደብተሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ፋዘር ስልኬን ቀማኝ ባክሽ። ‹በዓይናችን ሰማይ እያየን ስንኖር ምን ጎደለብን? ያንተን ደወል አምነን ጉድ ሆንን› አለኝ። የጎረቤት ሰዎችም ከቡድኑ እንውጣ እያሉ ነው።»

«ጴጥሮስ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺን ማን ወቀሰሽ? ቴሌ ነው እንጂ!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። «አንቺማ ብታዪ ትፈርሚ ነበር።»

ሱሀይላ አንገቷን ደፋች። እውነቱን ልትነግረው ነበር። ደወል ተደወለ፣ መምህሩ ገባ፣ ቃሉም ተመልሶ ሄደ።

የዚያን ዕለት ማታ ዮሃና ለቡድኑ ሌላ መልእክት ለጠፈች። ቀልድ የለበትም። «ባለፈው ወደ ቴፒ በታጠፈው ደመና ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። የቅዳሜ መልእክቴን ስልካቸው ላይ ያዩ ሰዎችም ‹የዮሃና ነው› ብለው የተዉት ይመስለኛል። ጠባቂ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። ከነገ ማታ ጀምሮ ከጠባቂነት እወርዳለሁ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ምረጡ።»

ሱሀይላ ይህን ስታነብ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ያሳፍራል፣ ግን ደስታ ነው። ስትመኘው የከረመችው ነገር ማንም ሳይጠይቃት በራሱ እግር መጣላት። ከዚያ ከሥር የተጻፉትን አየች። ወልደጻድቅ የሚባል የቴፒ ልጅ «አንቺ ከወረድሽ እኔም በቃኝ» ብሏል። ሌሎችም ተከትለዋል። እስክትተኛ ድረስ አሥራ ሰባት ሆኑ። ሱሀይላ ይህንንም ቆጠረች። ይህኛው ቆጠራ ግን እንቅልፍ ነሣት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ሸራ ስታጥፍ አንዲት አጭር ልጅ በሩ ላይ ቆመች። እግሯ ላይ ጭቃ የለበሰ የፕላስቲክ ጫማ፣ እጇ ላይ የተጠቀለለ ደብተር።

«ጋሼ ሰይፈዲን ማለት እርስዎ ነዎት?» አለች ለሱሀይላ አባት።

«ነኝ ልጄ። ሸራ ነው ገመድ?»

«ሱሀይላን ነው። እኔ… ዮሃና ነኝ። ከሸኮ።»

የሱሀይላ እጅ ሸራው ላይ ቀረ። በሐሳቧ የሣለቻት ዮሃና ረጅም ናት፣ ቆንጆ ናት፣ አፏ አያርፍም። ይህቺ ልጅ ግን አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጠች፣ እየቆመች ነው የምትናገረው። እናቷን ለሐኪም ቀጠሮ እንዳመጣቻት፣ ሐኪሙ ጋ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሹልክ ብላ እንደመጣች ነገረቻት። አባቷ ሁለቱንም አየና ለስላሳ ሊያመጣ ወጣ።

«አንቺ የቀልድ ንግሥት አይደለሽ እንዴ?» አለች ሱሀይላ። ለማሾፍ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልታዘዛትም።

«በጽሑፍ ነዋ!» ዮሃና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ያው በጽሑፍ የሚታወቀው ነው። «በአፌ አማርኛው ቶሎ አይመጣልኝም። ክፍል ውስጥ ሙድ ይይዙብኛል። መጀመሪያ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ እለጥፋለሁ። ለአንዷ ቀልድ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይሄዳል።»

ደብተሩን ገልጣ አሳየቻት። የተሰረዘ፣ እንደገና የተጻፈ፣ እንደገና የተሰረዘ። ሱሀይላ ደንቧን የምትጽፈው ልክ እንደዚህ ነው።

«የመጣሁት የጠባቂነቱን ሥራ ላስረክብሽ ነው» አለች ዮሃና። «እንዴት እንደሚለቀቅ ስለማላውቅ አሳዪኝ ብዬ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። የሳምንቱን ተራ ዝርዝር መለጠፍ እንዳትተዪ። እኔ በእጄ እየገለበጥኩ ሸኮ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ስልክ የሌላቸው ሰዎች ናቸው የሚያነቡት። ‹ዛሬ የማን ተራ ነው?› ብለው አይተው፣ የአንቺ ከሆነ ደስ ይላቸዋል። ‹ሚዛን ያለችው ልጅ አታሳስትም› ይላሉ።»

ሱሀይላ ከደብተሩ ቀና አለች። «እነሱ እኔን ያውቁኛል?»

«ከእኔ በላይ። ልብ መስጠት ግን አይችሉም፤ ስልክ የላቸውም።»

ዮሃና ጫማዋን አየችና እንደገና ፈገግ አለች። «ቅዳሜ ለታ እኛ ጋ ኔትወርኩ ጥፍት ብሎ ነበር። ከቤት እስከ ላይኛው ጉብታ ሮጬ ነው የላክሁት። ዝናቡ እዚያው ያዘኝ። መልእክቱን ‹ሂድ፣ ሂድ› እያልኩ ነበር። አንቺም ጋ ጠፍቶ ነበር ስትዪ፣ ሁለታችንም በየጋራችን ስልካችንን ወደ ላይ ይዘን ስንዞር ታየኝና ሳቄ መጣ።»

ሱሀይላ አልሳቀችም። ቅዳሜ ስልኳ አራት መስመር ኔትወርክ ነበረው። ልብስ ስታነሣ ነበር።

አባቷ ሁለት ለስላሳ ይዞ ተመለሰ። ዮሃና ግማሹን ጠጥታ እናቷን ፍለጋ ተነሣች። «ዛሬ ማታ በስልክ አሳዪኝ እሺ? አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሚወጣው ሚኒባስ ነው የምንመለሰው።» እጇን ጨብጣ፣ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ አቅፋት ሄደች።

ሱሀይላ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ፀሐይ ወደ ሸኮ ጋራ ጀርባ ልትገባ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጋራው ከላይ እስከ ታች ይታያል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ እስኪሆን ጠበቀች። በዚህ ሰዓት የትም ያለ ቡና ሁሉ ለአዳሩ ለብሷል፤ ደወል ቢጮኽም ማንም የሚያለብሰው ነገር የለውም፣ ማንም በከንቱ አይሮጥም።

ስልኳን ከፈተችና ወደ ኋላ ሄደች። ሰኞን አለፈች፣ እሑድን አለፈች። የዮሃና የቅዳሜ መልእክት እዚያው አለ። «ይሄኛው የሚቀልድ አይመስልም ወገኖቼ።» ከሥሩ አረንጓዴው ምልክት እስካሁን ይጠብቃል፤ የዚያን ቀን የሚዛን ጠባቂ ካልነካው ለዘለዓለም እንደዚያው ነው የሚቆየው። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የራሷ ቃል አለ። «ኔትወርክ አልነበረም።» እሱንም ማንም አያጠፋውም። መጀመሪያ ይህን መድረክ የመረጠችው እኮ ስለማያጠፋ ነበር።

ከዮሃና መልእክት ሥር ጻፈች። አንዴ ጻፈችና ረዘመባት። ሰረዘችው። ሁለተኛም ረዘመ። ሦስተኛው ላይ እንዲህ ሆነ፦

«ቅዳሜ ይህን መልእክት እንደተላከ አይቼዋለሁ። ጋራውንም አይቻለሁ። ኔትወርክ ነበር። ያልፈረምኩት ቀንቼ ነው። ዮሃና አላሳሳተችም። ጴጥሮስ፣ ነገ ከትምህርት በኋላ መጥቼ ለአባትህ ራሴ እነግራለሁ፤ ቡናውንም አብሬ አገላብጣለሁ። ሱሀይላ።»

ለጠፈችው። ከዚያ ጣቷን አረንጓዴው ምልክት ላይ አደረገች። ስልኩ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀ፦ «ይህ ፊርማ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ ሊሰረዝ አይችልም። ይቀጥሉ?»

ሱሀይላ ጋራውን አንዴ አየች።

ቀጠለች።

የመጀመሪያው ደወል እጇ ላይ ጮኸ። ሁለተኛው ታች ሱቁ ውስጥ፣ የአባቷ ስልክ ላይ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ሌላ፣ ከጎረቤት ግቢ ሌላ። ወደ ሸኮ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥም አንድ ስልክ እየጮኸ መሆን አለበት። አባቷ ከሱቁ ወጥቶ መሃል መንገድ ላይ ቆመና አንገቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ቀና አደረገ።

«ሱሂ! የምን ዝናብ ነው?»

«የቅዳሜው ነው አባዬ» አለችና ልትነግረው ደረጃውን መውረድ ጀመረች።